ከብት የዘራው ደን

ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ወደ ሚሌ የሚወስደውን አስፋልት ይዞ የሚሄድ እንግዳ መልካ ወረር አካባቢ ሲደርስ ዓይኑ ደስ ሊለው ይችላል። በስተግራው፣ ወደ አዋሽ ወንዝ በኩል፣ በግንቦት ሐሩር እንኳ ቅጠሉ የማይረግፍ ጥቅጥቅ ያለ ደን ይታየዋል። ደረቅ ቆላ በሚባል አገር ይህን ያህል አረንጓዴ ማየት በረከት ይመስላል። የዚህ የአሚባራ ወረዳ አፋር አርብቶ አደር ግን ያንኑ ደን ሲያይ ፊቱ ይጠቁራል። እሱ የሚያየው የሞተ ግጦሽ ነው።

ዛፉ ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ ይባላል፤ አገሬው በአማርኛ ወያኔ ዛፍ ይለዋል። የትውልድ አገሩ መካከለኛውና ደቡብ አሜሪካ ነው። ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1970ዎቹ መጨረሻ ሲሆን (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከመጀመሪያ ማረፊያዎቹ አንዱ ይኸው በመልካ ወረርና በመልካ ሰዲ ዙሪያ ያለው የአሚባራ የመስኖ ጥጥ እርሻ ነበር። ያመጡት ሰዎች ክፉ አላሰቡም። ጥጡን ከነፋስና ከአቧራ የሚከልል፣ ጨዋማ አፈር የሚችል፣ ለሠራተኛው ሰፈር ጥላና ማገዶ የሚሆን፣ ሳይንከባከቡት የሚያድግ ዛፍ ፈለጉ፤ አገኙም። ከ1984ቱ ረሃብ በኋላም በምግብ ለሥራ መርሐ ግብር በብዛት ተተከለ። ችግሩ ዛፉ የተባለለትን ሁሉ መፈጸሙ ነው። ሳይንከባከቡት ማደጉን ማንም ሊያስቆመው አልቻለም።

ፍሬውን አንስቶ ላየው ሰው ምክንያቱ ብዙም አይሰወርም። አደንጓሬን የሚመስል፣ ከጣት የሚረዝም፣ ሲበስል ገለባማ ቢጫ የሚሆን ፍሬ ነው። ሲሰብሩት ሥጋው እጅ ላይ ይጣበቃል፤ ቢቀምሱት ይጣፍጣል። በውስጡ ከአሥር እስከ ሠላሳ የሚደርሱ ዘሮች፣ እያንዳንዳቸው በደረቅ ሽፋን ተጠቅልለው፣ ተደርድረዋል። ከብት ቅጠሉን እምብዛም አይነካም፤ ይመርራል። ፍሬውን ግን ሣር ባለቀበት ወቅት ፍየሉም፣ ላሙም፣ ግመሉም ተሻምቶ ይበላዋል። ጣፋጩ ሥጋ ሆድ ውስጥ ሲቀር ዘሩ አብዛኛውን ጊዜ ሳይፈጭ ያልፋል። የሆድ አሲድ ሽፋኑን ያላላዋል እንጂ አይገድለውም። ቀናት ቆይቶ ከእበቱ ወይም ከበጠጡ ጋር ሲወጣ ከእናቱ ዛፍ ብዙ ርቆ፣ እርጥበትና ማዳበሪያ ተዘጋጅቶለት ነው። የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ ዘሩን ሙቅ ውኃ ውስጥ ነክሮ የሚደክምበትን ሥራ የከብት ሆድ በነጻ ይሠራዋል።

ከበቀለ በኋላ ደግሞ ሥሩ አለ። የቅርብ ዘመዱ የሆነ ዛፍ ሥር በአሜሪካ አሪዞና ግዛት፣ ቱሳን አጠገብ በሚገኝ የማዕድን ጉድጓድ ውስጥ 53 ሜትር ጥልቀት ላይ ተገኝቷል። ግንዱን በመጥረቢያ የቆረጠ ገበሬ በሚቀጥለው ክረምት ከጉቶው ዙሪያ አምስት ስድስት ሆኖ አቆጥቁጦ ያገኘዋል። ከ1991 በኋላ የመንግሥት እርሻዎች ሲያፈገፍጉ ጦሙን ካደረው ማሳ አብዛኛውን የወረሰው እሱ ነው።

ኃይሉ ሽፈራውና ባልደረቦቹ የሳተላይት ምስልን ከመስክ ጥናት ጋር አዛምደው በ2019 ባሳተሙት ሥራ መሠረት፣ ፕሮሶፒስ እስከ 2017 ድረስ በአፋር ክልል 1.17 ሚሊዮን ሄክታር ይዟል። ይህ ከክልሉ ስፋት 12.3 በመቶ ነው። በየዓመቱ በአማካይ 31 ሺህ ሄክታር ገደማ ሲጨምር ቆይቷል ማለት ነው። የዚሁ ቡድን ቀጣይ ጥናት ደግሞ ዛፉ በአፋር በዓመት ከ3 ቢሊዮን ኪዩቢክ ሜትር በላይ ውኃ እንደሚጠጣ ገምቷል። የአዋሽ ተፋሰስ ዓመታዊ የገጸ ምድር ውኃ 5 ቢሊዮን ኪዩቢክ ሜትር ገደማ ነው። ዛፉ የሚጠጣው ከወንዙ ብቻ ሳይሆን ከዝናብና ከከርሰ ምድርም በመሆኑ ሁለቱን ቁጥሮች መቀናነስ አይቻልም፤ ግን ጎን ለጎን ማየቱ ብቻ ይበቃል።

በዛፉ ብቻ ማሳበብ ግን ታሪኩን መቁረጥ ይሆናል። አዋሽ ከሸዋ ደጋ ተነስቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ከተጓዘ በኋላ ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ የሚያልቅ ወንዝ ነው። ለአፋር ከብት የወንዙ ዳርቻ የክፉ ቀን ጎተራ ነበር። ዝናብ ሲያጥር ሁሉም ወደዚያ ይወርዳል፤ ሲዘንብ ወደ ሜዳው ይወጣል፤ ዳርቻውም ያርፋል። በ1960 የቆቃ ግድብ ተሠራ። በ1962 የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ። ከመተሐራ ሸንኮራ እስከ ተንዳሆ ጥጥ ድረስ ምርጥ ምርጡ ዳርቻ ለመስኖ ተወሰደ። የክፉ ቀን ግጦሹን ያጣው ከብት በጋውንም ክረምቱንም በሜዳው ላይ መክረም ጀመረ። ፕሮሶፒስ የደረሰው ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ ነው። የተራበ ከብት፣ የተራቆተ መሬትና ጣፋጭ ፍሬ በአንድ ቦታ ተገናኙ።

የጠፋውን ለመቁጠር ሣሮቹን በስም ማወቅ ይጠይቃል፤ አፋሮች ያውቋቸዋል። ዱርፉ የሚሉት ሣር የሜዳው ዋና መኖ ነው፤ ከፕሮሶፒስ ጥላ ሥር አይገኝም፤ ዛፉ ብርሃኑንም ውኃውንም ይቀማዋል። ነባሮቹ ግራሮችም በጥቅጥቁ መካከል አዲስ ቡቃያ ማሳደግ ያቅታቸዋል። አፋሮች ጋርሳ ብለው የሚጠሩት ሌላ ነባር ዛፍ አለ። ፍሬው በረሃብ ዘመን ይበላል። ከወትሮው በላይ አቆጥቁጦ፣ አብቦና አፍርቶ ካዩት «ዘንድሮ ድርቅ ነው» ይላሉ፤ ተመራማሪዎችም ይህን የአርብቶ አደሩን ትንበያ መዝግበውታል። ብዝሃ ሕይወት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው አንበሳና ነብርን ነው። ጋርሳን የመሰለ ዛፍ ሲመናመን ግን ከዛፉ ጋር ለትውልድ ሲነበብ የኖረ ምልክትም አብሮ ይሄዳል።

ኬንያውያንም ከዚሁ ጽዋ ቀምሰዋል። በባሪንጎ ሐይቅ ዙሪያ የሚኖሩት ኢል ቻሙሶች ይህንኑ ዛፍ አስተከለብን ያሉትን መንግሥታቸውን በ2000ዎቹ አጋማሽ ከሰው፣ ፍሬውን ስትበላ ጥርሷ የረገፈ ፍየል በማስረጃነት ይዘው ናይሮቢ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደዋል።

አሁን ከመልካ ወረር ተነስቶ አስፋልቱን ወደ ምሥራቅ መሻገር ነው። ከመንገዱ ማዶ የሃላይደጊ ሜዳ ይጀምራል። ዝናብ ካገኘ ዓይን እስኪደክም ሣር ብቻ የሆነ፣ ከበስተጀርባው የአሰቦት ተራራ የሚታይበት ሜዳ ነው። ሳላ፣ የሜዳ ፍየል፣ ሰጎንና አቦ ሸማኔ ይኖሩበታል። ከሁሉም በላይ ግን ሜዳው የሚታወቀው በግሬቪ የሜዳ አህያ ነው። ከዚህ በስተሰሜን በምድር ላይ ይህ እንስሳ በዱር የሚገኝበት ቦታ የለም።

ስሙ ታሪክ አለው። በ1882 የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ለፈረንሳዩ ፕሬዝዳንት ለዡል ግሬቪ አንድ የሜዳ አህያ በስጦታ ላኩ። ኤሚል ኡስታሌ የተባለ ፈረንሳዊ የእንስሳት አጥኚ መረመረውና እስከዚያ ድረስ በሳይንስ ያልተመዘገበ ዝርያ መሆኑን አስታውቆ በፕሬዝዳንቱ ስም ሰየመው። ላኪው ሳይሆን ተቀባዩ ስሙን ወሰደ። (ለምኒልክ በኋላ የደጋው ድኩላ ተሰጥቷቸዋል።) ስጦታው ፓሪስ በደረሰ በዓመቱ፣ ኦገስት 12 ቀን 1883፣ አምስተርዳም ውስጥ ኩዋጋ የምትባል የደቡብ አፍሪካ የሜዳ አህያ ሞተች። በዓለም የመጨረሻዋ ነበረች፤ በዚያን ዕለት ግን ይህን ያወቀ ሰው አልነበረም። ዱር ውስጥ ሌሎች ያሉ መስሏቸው ነበር። አንድ ዝርያ ሲጠፋ ደወል አይደወልም፤ የሚታወቀው ፍለጋው ባዶ ሲመለስ ነው።

የግሬቪ የሜዳ አህያ ከፈረስ ወገን በዱር ከሚኖሩት ሁሉ በአካል ትልቁ ነው፤ እስከ 450 ኪሎ ግራም ይመዝናል። መስመሮቹ ቀጫጭንና ተቀራራቢ፣ ሆዱ ነጭ፣ ጆሮው ሰፊና ክብ ነው። የአንዱ መስመር ከሌላው ጋር አይገጥምም፤ ኬንያ ከ2016 ጀምሮ ተራ ዜጎችን ካሜራ አስይዛ በምታካሂደው ቆጠራ ኮምፒውተር እያንዳንዱን በመስመሩ ይለየዋል። በዚያ የመጀመሪያ ቆጠራ 2,350 ገደማ ተገምተው ነበር። ዛሬ በዓለም በዱር ካሉት እጅግ አብዛኞቹ ኬንያ ውስጥ ናቸው። በ1970ዎቹ መጨረሻ በጠቅላላው 15 ሺህ ያህል ይሆኑ ነበር። ያኔ ቆዳው በአውሮፓና በአሜሪካ ተፈላጊ ነበር፤ ንግዱ ከ1979 ወዲህ በዓለም አቀፍ ስምምነት ተከልክሏል። በኢትዮጵያ የታየው መውረድ ያስደነግጣል፦ በ1980 ወደ 1,900፣ በ1995 577፣ በ2003 106። ከዚያ በኋላ ቁጥሩ ትንሽ ቢያንሰራራም በመቶዎች ከመቆጠር አላለፈም፤ እነሱም በሃላይደጊና በደቡብ ኢትዮጵያ ተበታትነው ነው የሚገኙት።

የቆዳው ንግድ ከቆመ በኋላ ምን ያሳንሳቸዋል? መልሱ ያለው በእናቲቱ ጉሮሮ ነው። ሌሎቹ ውኃ ሳይጠጡ እስከ አምስት ቀን ሊቆዩ ይችላሉ። የምታጠባ እናት ግን በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ መጠጣት አለባት። ስለዚህ ከውኃ ብዙ መራቅ አትችልም፤ ሣሩም በዚያው ቅርበት መገኘት አለበት። ውኃው ቀን ቀን በከብትና በእረኛ ከተያዘ በሌሊት ትመጣለች። ሌሊት ደግሞ የአንበሳና የጅብ ሰዓት ነው። በውኃው ዙሪያ ያለው ሣር በከብት ካለቀ ወይም በፕሮሶፒስ ከተዋጠ፣ በየጊዜው የምታደርገው ጉዞ ይረዝማል፤ ወተቷ ይቀንሳል፤ ውርንጭላዋ ዓመቱን ላይደፍን ይችላል። ጥይት ያልነካት እናት በዚህ መንገድ ልጅ አልባ ትሆናለች። ከ13 ወር እርግዝና በኋላ አንድ ብቻ ለሚወልድ እንስሳ የጥቂት ዓመታት ውርንጭላ ማጣት ትልቅ ኪሳራ ነው።

አልማዝ ከበደ ከአሜሪካው ዩታ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ምሁር ከላይን ኮፖክ ጋር በ2015 ያሳተመችው ጥናት መልካ ወረርንና ይህን ሜዳ በአንድ ክር ያያይዛቸዋል። የቤት እንስሳት በወንዙ ዳርና በሰፈሮች ዙሪያ የበሉትን የፕሮሶፒስ ዘር በእበታቸው ተሸክመው ወደ ሣሩ ሜዳ እያስገቡት እንደሆነ፣ ይህም ሣሩንም የሜዳ አህያውንም አደጋ ላይ እንደሚጥል አሳይታለች። ጥጡን ከነፋስ እንዲከልል የተተከለው ዛፍ በከብት ሆድ ተጭኖ አስፋልቱን ተሻገረ ማለት ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ ፋንኤል ከበደና ባልደረቦቹ በ2012 ባሳተሙት ሥራ የሜዳ አህያው የሚመቸውን ቦታ በካርታ ለይተው ነበር። ዛፉ ወደዚያ መድረስ አለመድረሱን መከታተል የሚፈልግ ባለሥልጣን መነሻ ካርታ አያጣም።

በሃላይደጊ ለመናገር የሚከብድ ሌላ ነገርም አለ። ሜዳው አፋሮችና ኢሳ ሶማሌዎች ለረጅም ዘመን ሲወዛገቡበት የኖረ ነው። ግጭት ሲያይል ሁለቱም ከብታቸውን ከመሐሉ ያርቃሉ፤ ሣሩ ይቆማል፤ አውሬው ይግጣል። በሌሎች አገሮች በጦር ግንባሮች መካከልም ይህ ታይቷል። ከዚህ ተነስቶ ግጭቱ ለእንስሳቱ ጠቀመ የሚል ሰው አይጠፋም፤ ነገር ግን እረኞች በሚሞቱበት ሜዳ ዘላቂ ጥበቃ አይታሰብም። መሣሪያ በበዛበት ቦታ አንድ የተራበ ወይም የሰለቸው ሰው የዓመታትን ጥበቃ በአንድ ከሰዓት ሊያፈርሰው ይችላል። ይልቁንም የሜዳው ጥበቃ የሚጠይቀው ነገር ሌላ ነው፦ ሰላም ሲወርድ ሣሩ የማን እንደሚሆን አስቀድሞ መነጋገር።

ኢትዮጵያ በአዋሽ ሸለቆ ይህን ንግግር መጀመሪያ ላይ ዘለለችው። የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ በ1966 ተመሥርቶ በ1969 በሕግ ታወጀ፤ ከሰሜን ተራሮች ጋር የአገሪቱ ቀዳሚ ፓርክ ነው። የፈንታሌን እሳተ ገሞራና የኢላላ ሳላን ሜዳ ያቅፋል። መሬቱ ግን ባዶ አልነበረም፤ የከረዩና የአፋር አርብቶ አደሮች የሚውሉበት ነበር። በዚያው ሰሞን በደቡቡ በኩል የመተሐራ ስኳር እርሻ ወንዙን ያዘ። አንዱ ለእንስሳ፣ ሌላው ለሸንኮራ እየተባለ ከሁለት ወገን የተገፋ አርብቶ አደር ፓርኩን እንደ ጠላት ቢያየው አያስገርምም። ድርቅ በመጣ ቁጥር ከብቱ ድንበሩን ጥሶ ይገባል፤ ስካውቱ ያስወጣል፤ በማግስቱ ይመለሳል። በ1974 ከሰንቀሌ የዱር እንስሳት መጠለያ ቆርኬዎች ተጭነው ወደዚሁ ፓርክ መጥተው ነበር። ዛሬ በአዋሽ አንድም ቆርኬ የለም። እንስሳ አምጥቶ መልቀቅ ቀላሉ ሥራ እንደሆነ ያኔ ተረጋግጧል።

ለፕሮሶፒስ መድኃኒት ይሆናሉ የተባሉ ነገሮች ብዙ ናቸው፤ ከሁሉም ፈጥኖ ሰው የተቀበለው ከሰሉን ነው። ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ፋርም አፍሪካ የተባለው ድርጅት ፍሬው ዘሩ ጭምር ተፈጭቶ ለመኖ እንዲውል፣ ዛፉም በኅብረት ሥራ ማኅበራት እየተቆረጠ እንዲከሰል አድርጎ ነበር። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ጠላትን እየሸጡ መጨረስ ማን ይጠላል? ከሰሉ በማዳበሪያ ታስሮ፣ በአይሱዙ ተጭኖ ወደ አዲስ አበባ መጉረፍ ጀመረ። ከዚያ ግን ሁለት ነገር ተበላሸ። አንደኛ፣ ከሳዩ ግንዱን ከመሬት በላይ ቆርጦ ሄደ፤ ጉቶው አቆጠቆጠ። ሁለተኛ፣ ማዳበሪያ ውስጥ ያለው ከሰል ከየትኛው ዛፍ እንደመጣ ኬላ ላይ መለየት ስለማይቻል ነባሩ ግራርም አብሮ መክሰል ያዘ። አፋሮች በባህላቸው እርጥብ ዛፍ መቁረጥን የሚያወግዙ ሕዝብ ናቸው፤ ገበያው ይህንንም ሸረሸረው።

የሚሠራው ዘዴ የበለጠ አድካሚ ነው። ዛፉን ለመግደል አፈሩን ቆፍሮ፣ ግንዱ ከሥሩ የሚገናኝበትንና ቡቃያ የሚያወጣውን ክፍል ጨምሮ፣ ከመሬት በታች መቁረጥ ያስፈልጋል። የተመነጠረው ቦታ ቶሎ ሣር ካልተዘራበት ወይም ካልታረሰ አፈር ውስጥ የቀረው ዘር ይቀድማል። በ2017 የወጣው አገር አቀፍ ስትራቴጂም ሁሉንም ቦታ እኩል አያይም፤ ዛፉ ገና ባልደረሰበት መከላከል፣ ጀማሪ በሆነበት መንቀል፣ ሥር በሰደደበት ደግሞ ባለበት መያዝ። ሃላይደጊ ከመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ትመደባለች፤ መልካ ወረር ከሦስተኛው። ገንዘቡ ግን ዛፉ ጎልቶ ወደሚታይበት ይሳባል፤ መቶ ሄክታር ጫካ መንጥሮ ፎቶ ማንሳት ይቻላል፣ ሜዳ ላይ ነጠላ ችግኝ እየዞሩ መንቀል ፎቶ አይወጣውም። ይህ ጽሑፍ ለአንዱ መወገን ካለበት ለነጠላዋ ችግኝ ይወግናል።

ከእነዚህ ሁሉ ርካሹ እርምጃ ከብቱን ማሳረፍ ነው። ፍሬ የበላ መንጋ ወደ ንጹሕ ሜዳ ከመሻገሩ በፊት አንድ ሳምንት ገደማ በበረት ቢቆይ በሆዱ ያለው ዘር አብዛኛው እዚያው ይወጣል፤ እዚያው ይቃጠላል ወይም ይነቀላል። ለዚህ የሚያስፈልገው አጥር፣ መኖና የጎሳ ስምምነት ነው። ዜና ዳጉ በሚባለው የአፋሮች ባህላዊ የወሬ ልውውጥ ከእረኛ ወደ እረኛ በቀናት ውስጥ ሸለቆውን በሚያዳርስበት አገር የትኛው መንጋ ከየት ተነስቶ ወዴት እንደሄደ የማይታወቅ ነገር የለም። መኖውን ግን ዳጉ አያመጣውም። የመልካ ወረር መስኖ ከጥጡ ጎን የሚያበቅለው መኖ ለዚህ ሊውል ይችላል።

ወደ ሰሜን በርከት ያለ ኪሎ ሜትር ተጉዞ ሰመራ የደረሰ ሰው ሌላ ዓለም ውስጥ ይገባል። የክልሉ ዋና ከተማ ናት፤ ከባድ ተሽከርካሪዎች በሎጊያ አልፈው ወደ ጋላፊና ጅቡቲ ይጎርፋሉ። ከከተማዋ ወጣ እንዳሉ የሰርዶ ጥቁር ድንጋይ ይጀምራል። እዚህ ሣር እንኳ ብርቅ ነው። የአፍሪካ የዱር አህያ የሚኖረው በዚህ ነው፦ ግራጫ ጀርባ፣ ነጭ ሆድ፣ እግሩ ላይ የሜዳ አህያን የሚያስንቁ ጥቋቁር መስመሮች። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ለመጥፋት እጅግ በጣም ተቃርበዋል በሚለው ረድፍ ውስጥ አስቀምጦታል። በኢትዮጵያና በኤርትራ ለመራባት የደረሱት ቢበዛ 200 ናቸው። በሶማሊያ በኩል ያለው ይዞታ የከፋ ነው።

ኢትዮጵያ በዓለም ብዙ አህያ ያላት አገር ናት። ገበያ የሚሄደው ጤፍ፣ ማገዶና ውኃ በአህያ ጀርባ ነው። በ2022 የወጣ የዘረመል ጥናት አህያ ለማዳ የሆነው አንድ ጊዜ፣ ከ7,000 ዓመት ገደማ በፊት፣ በምሥራቅ አፍሪካ እንደሆነ አመልክቷል። በ2017 ቢሾፍቱ የተከፈተው የአህያ ቄራ በሕዝብ ቁጣ ተዘግቶ ነበር፤ በ2024 ደግሞ የአፍሪካ ኅብረት የአህያ ቆዳ ንግድን በአህጉሪቱ አግዷል። ለለማዳው እንዲህ የተቆጣ ሕዝብ የዱሩ ዘመዱ በራሱ አገር ሊያልቅ መቃረቡን አብዛኛው አያውቅም።

የጀርመኑ ሃንስ ክሊንገል በ1970ዎቹ መባቻ ደናክልን ሲቃኝ በምርጥ ቦታዎች ላይ በመቶ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ከአሥር በላይ የዱር አህዮች ነበሩ። የሚሌ ሰርዶ ጥብቅ ክልልና የያንጉዲ ራሳ ብሔራዊ ፓርክ የታሰቡት በዚያ አሥር ዓመት ነው። ፓትሪሺያ ሞልማንና ፋንኤል ከበደ ከ1994 ጀምረው ያንኑ አገር ደግመው ሲያስሱት በመቶ ስኩዌር ኪሎ ሜትር አንድ እንኳ አልሞላም። ያንጉዲ ራሳ ውስጥ ደግሞ ከናካቴው አልቀዋል፤ ለዱር አህያ ተብሎ የተከለለ ፓርክ የዱር አህያ የለውም። ሥጋውን ለምግብ፣ ሌላውን አካሉን ለሳንባ ነቀርሳና ለጀርባ ሕመም መድኃኒት ብሎ የሚያድን አለ። ድርቁም አለ። ውኃ ዳር ከቤት እንስሳ ጋር መሻማቱም አለ፤ የዱር አህያ ከውኃ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ በላይ ሊርቅ አይችልም። ከለማዳ አህያ ጋር መዳቀልም ሌላ ስጋት ነው።

በግዞት የሚኖሩ የሶማሌ የዱር አህዮች (የአፍሪካው የዱር አህያ ንዑስ ዝርያ) በአውሮፓና በአሜሪካ የእንስሳት ማቆያዎች አሉ፤ የዘር መዝገባቸውን የሚይዘው የስዊዘርላንዱ የባዝል ማቆያ ነው። እነሱ ካሉ ዝርያው አይጠፋም የሚል መጽናኛ ይሰማል። ማስረጃም አለው፦ በዱር ያለቀው የፕርዠቫልስኪ ፈረስ በ1992 ከአውሮፓ ወደ ሞንጎሊያ ተመልሶ ዛሬም አለ። ግን የዓረቢያውን ሳላም ማስታወስ ተገቢ ነው። በ1972 በዱር አለቀ፤ በ1982 ኦማን ውስጥ ተመልሶ ተለቀቀ፤ በ1996 እስከ 450 ደረሰ፤ ከዚያ አዳኞችና ደላሎች ገቡበት፤ በ2007 65 ብቻ ቀርተው ኦማን የጥበቃ ክልሉን በ90 በመቶ ስታሳንሰው ዩኔስኮ ቦታውን ከዓለም ቅርስ መዝገብ ሰረዘው። በዩኔስኮ ታሪክ የመጀመሪያው ስረዛ ነበር።

ከባዝል ወደ ያንጉዲ ራሳ የዱር አህያ ይመለስ የሚል ዕቅድ አንድ ቀን ቢቀርብ ከአውሮፕላኑና ከእንስሳት ሐኪሙ በፊት የሚመጣው ጥያቄ የኩሬው ነው። በየትኛው ኩሬ ከብት ስንት ሰዓት ይጠጣል፣ በየትኛው ወር ኩሬው ለአውሬው ይለቀቃል፣ ድርቅ ሲጠና ስምምነቱ ምን ይሆናል፣ ያንን ኩሬ ለለቀቀው ጎሳ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን በምላሹ ምን ይሰጣል፤ እነዚህ ከሽማግሌዎች ጋር ቁጭ ተብሎ የሚወሰኑ ናቸው። ይህ ንግግር እንስሳቱ እስኪመጡ መጠበቅ የለበትም። በሰርዶ ድንጋይ ውስጥ ለቀሩት ጥቂቶችም ያው ኩሬ፣ ያው ሰዓት ነው የሚያስፈልጋቸው።